ካርዱ ላይ የተጻፈው አድራሻ

ደብረ ማርቆስ፣ መስከረም 11 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለሥራነሽ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ልጃችን ወለተ ሰንበትስ? ላሚቱ ወለደች? በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፅሽን በሰማሁ ቁጥር ስለምዋሽ ነው። ይህን ወረቀት ዛሬ ድኖ የወጣው ያገራችን ሰው አብይ ያደርስልሻል። አዎ፣ የምጽፍልሽ ሆስፒታል ተኝቼ ነው። አትደንግጪ፣ ክፉው አልፏል።

ጳጉሜን ሁለት ብርድ ብርድ ይለኝ ጀመር። ባቴ ተያዘ፣ ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ፣ በአራተኛው ቀን ዓይኔ ቢጫ ሆነ። የወፍ በሽታ ነው ብዬ የዲማውን መድኃኒት አዋቂ ልፈልግ ስነሳ ወደቅሁ። አብሮኝ ሸክም የሚሠራው አማረ ደግፎ እዚህ አደረሰኝ። ዶክተሯ አርሴማ ትባላለች። ልጅ እግር ናት፣ ግን ልክ እንዳንቺ ነገር ከያዘች አትለቅም።

"የት ነው የምትኖረው?" አለችኝ።

"ቀበሌ አምስት፣ ተከራይቼ" አልኳት። ካርዱ ላይ ጻፈችው።

"ቤትህ አይጥ አለ?"

"ኧረ ቤቴስ ንጹሕ ነው" አልኩ ኮራ ብዬ።

የወባ ምርመራው ነጻ ነህ አለኝ። ዶክተሯ ግራ ገብቷት እግሬን ያዘች፤ ንቃቃቱ ቆስሏል። ከጸጉሬ ገለባ አነሳችና ቀስ ብላ "ወንድሜ፣ ቤትህን ተወው። ትናንት የት አደርክ?" አለችኝ።

ሥራነሽ፣ ያኔ አለቀስኩ። ቤት የለኝም። መስኮቱ ሰፊ ነው ያልኩሽ ክፍል የለም። ከሰኔ ጀምሮ የማድረው እህል መጋዘን ጀርባ፣ በረንዳ ላይ ነው። ሲዘንብ የቦዩ ውኃ እግሬ ድረስ ይመጣል፣ አይጦቹ በላዬ ይራወጣሉ። አያ ገዳሙ ፊት "ከተማ ቤት ሳልይዝ አልመለስም" ብዬ ስለፎከርኩ፣ ላባትሽ እጅ መስጠት አቅቶኝ ነው የደበቅሁሽ።

ሁሉን ነገርኳት። "እንግዲያው የወፍ አይደለም፣ የአይጥ ነው" አለች። የአይጥ ሽንት ከውኃው ጋር በቁስሌ ገብቶ ጉበቴንና ኩላሊቴን ይዞታል። መርፌው ሲመጣ ደግሞ እጄን ሰበሰብኩ። የወፍ በሽተኛ ከተወጋ ይሞታል ሲባል አይደል ያደግነው?

"ቤት አለኝ እያልክ ልትሞትብኝ ነበር፣ አሁን ደግሞ በወፍ ልትሞት ነው?" ብላ ተቆጣችኝ። ተወጋሁ። ደሜን አዲስ አበባ ልካዋለች፣ መልሱን ግን አልጠበቀችም፤ ብትጠብቅ ኖሮ የምትሰሚው መርዶዬን ነበር። በማግሥቱ በረንዳው ድረስ ሄዳ እዚያ የሚያድሩትን ስታይ አማረንም ትኩሳት ጀምሮት አገኘችው። አሁን ጎን ለጎን ተኝተን ማን ቀድሞ ይወጣል እያልን እንጨቃጨቃለን።

ዓይኔ ነጥቷል። ዛሬ ሽንቴ ጠራ ብላ ዶክተሯ ፊቷ በራ፤ በሰው ሽንት እንዲህ ደስ የሚለው ሰው አይቼ አላውቅም።

ትናንት ካርዱን አወጣችና የቀበሌ አምስቱን ሰረዘችው። "ወደ በረንዳው አልሰድህም። ስትወጣ ወዴት ነህ?"

"ደብረ ኤልያስ፣ የሥራነሽ ገዳሙ ቤት" አልኳት።

ጻፈችውና ቀና ብላ "ይሄስ እውነት ነው?" አለችኝ። ሥራነሽ፣ ይህን የምታውቂው አንቺ ነሽ።

ሰኞ፣ የደመራ ዕለት እወጣለሁ። ለአያ ገዳሙ ፈንታ ተሸነፈ በያቸው። ያገራችን መናኸሪያ ላይ ወለተ ሰንበትን ይዘሽ ካየሁሽ ለዶክተሯ እውነት ነው ብዬ እደውልላታለሁ።

የደብረ ኤልያስ ታቦት ሁለታችሁንም ከክፉ ይከልልልኝ።

አሁንም ባልሽ ከሆንኩ፣
ፈንታ