የሳሎናችን ማኅበር

ልጄ፣ አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ልብስ ሰፊዋ አክስትሽ አረፈች። በሳሎናችን እየተሰበሰብን የምንጸልይባት የትልቁ የጸሎት ማኅበር ቅርንጫፍም አብራት አለቀች፤ የቀረነው እሷና እኔ ብቻ ነበርን። እስኪደክማት ድረስ ለማኅበሩ የሕሙማን ቤት አንሶላ ትሰፋ ነበር።

በቀብሯ ብቻዬን የምቆም መስሎኝ ነበር። ግን ከየሰፈሩ የማላውቃቸው ማኅበርተኞች መጡ። አንዷ ነርስ እጄን ይዛ፣ «በሽተኞቻችን የሚተኙት በእሷ አንሶላ ነው። እማማ፣ ከእንግዲህ ከእኛ ጋር ይጸልዩ» አለችኝ።

ሄድኩ። ዜማቸው ከእኛ ይለያል፤ አፌ አልታዘዝ ብሎኝ አለቀስኩ። ሁሉም ዜማቸውን አቁመው ጠበቁኝ።

እባክሽ እዚያ ብቻሽን አትጸልዪ፤ የሚሰበሰቡ ካሉ ፈልገሽ አጠገባቸው ተቀመጪ። ከደግ ሰው ያገናኝሽ፣ የእኔ ዓለም።

እናትሽ