የካልሲ ሠሪዎቹ መስኮትና ሹራብሽ

እማዬ፣

ኅዳር ላይ ተለይተሽኝ ይኸው ሰኔ ገባ። እንደምነሽ ብዬ በወጉ ልጀምር ነበር፤ ብዕሬን ሳነሳ ግን ንዴቴ ቀደመኝ። የሰው አገር ነው፣ ዋጥ አድርጊው ትይኝ ነበር። ስውጥ ኖሬ አሁን ጉሮሮዬ ሞላ።

ሰቨን ሲስተርስ የሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን እንዳለ ነው። ድሮ በእጃቸው ካልሲ እየሠሩ ለሚያድሩ ድሆች የተሠራ ቤት፣ ፎቁ ላይ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ መስኮት ያለው። ለሥራቸው ብርሃን እንዲገባላቸው ነው አሉ። ለእኛ ከብርሃኑ ጋር ብርዱም ይገባልን ነበር። ደረትሽ ሲያፍንሽ፣ ይህን መስኮት በድርብ መስታወት ቀይሩልን ብለን አከራያችንን ስንት ጊዜ ለመንን? መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ቅርስ ነው፣ አይነካም። ይኸው ቅርሱ ተረፈ፣ አንቺ ሞትሽ።

አንቺ ግን እጅሽን አጣጥፈሽ አልተቀመጥሽም። ክርስትና ለሚነሡ ሕፃናት ኮፍያ ስትሠሪ ከተረፈሽ ክር ጠባብ ጠባብ የሹራብ ቁራጭ እየሠራሽ የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ ወተፍሽው። ቀዩን ከቢጫው፣ ቢጫውን ከሐምራዊው ቀላቅለሽ። ስስቅብሽ፣ ብርድ መልክ አይመርጥም አልሽኝ።

የሠልስትሽ ዕለት የሆነውን ልንገርሽ። ፎቅ ላይ ፍራሽ አንጥፈን ተቀምጠን ሳለ አንድ ኮት የለበሰ ፈረንጅ በሩን አንኳኳ። ጎረቤታችን እትዬ የሺ ከሥራ ቦታዬ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ መስሏት እጁን ይዛ አስገባችው። ተነሥተን ቦታ ለቀቅንለት። ምስር ወጥ ቀረበለት፤ በላ፣ ሻዩንም ጠጣ። በልቤ መረቅኩት። ከዚያ እጁን ጠርጎ ከኪሱ ሜትር አወጣ። ለካስ መስኮቱን ሊለካ በአከራያችን የተላከ ሰው ነው። ለቅሶ የተቀመጡት ባልቴቶች ራስ ላይ ተንጠራርቶ ለካና፣ ይህ ሹራብ የቤቱን ታሪክ ያበላሻልና ይውጣ አለኝ። እንጀራችንን በልቶ! ያን ቀን በሰላም የሸኘሁት ላንቺ ብዬ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ አከራዮቹ የእኛን ቤትና አጠገቡ ያሉትን አሮጌ ቤቶች ለጎብኚ አሳዩ። ያው ሰውዬ ደጃፋችን ላይ ቆሞ ሲያስረዳ ሰማሁት። በዚህ መስኮት ሥር ክርና መርፌ ይዞ የተቀመጠ የመጨረሻው ሠራተኛ ከሞተ መቶ ዓመት አልፎታል አለ። እዚህ ላይ አልቻልኩም። በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

«የመጨረሻዋ እናቴ ናት» አልኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «የሞተችው ኅዳር ላይ ነው። አንተም ለቅሶዋ ላይ በልተሃል።»

ፊቱ ቀላ። ጎብኚዎቹን ሰብስቦ ወደሚቀጥለው ቤት ሄደ።

ይህን የምጽፍልሽ ከዚያው መስኮት ሥር፣ ከወንበርሽ ላይ ሆኜ ነው። ሹራብሽ እንደተወተፈ አለ። ሊያወጡት ከመጡ አስቀድመው እኔን ያውጡኝ። አንዱ ጥግ ሳስቶ ንፋስ ማስገባት ስለጀመረ መርፌዎችሽን ከሣጥን አውጥቼ መሥራት ጀመርኩ። ክሩ ያመልጠኛል፣ ጠርዙ ይንጋደድብኛል፤ ብታዪው ተርትረሽ እንደገና ጀምሪ ትይኝ ነበር። መንገደኞች ከታች ቀና ብለው ያዩኛል። ይዩኝ።

አልረሳሽም እማዬ። እዚህ ቤት እስካለሁ፣ ብርዱ በመጣ ቁጥር አንቺ የደፈንሽውን እደፍናለሁ። ለዚያ ሰውዬም ተሳስቼ ነው የነገርኩት፤ የመጨረሻዋ አንቺም አይደለሽም።