ገንፎው እስኪበርድ

ሮቤ
ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሐመልማል
አሶሳ

ሐሙዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ሕፃኑስ? ይህን ስጽፍ ገና አልወለድሽምና ወንድ ይሁን ሴት አላውቅም፤ «ሕፃኑ» እያልኩ ብጽፍ አትቀየሚኝ። ደብዳቤውን የላክኩት በባልሽ በአቤሴሎም ስም ነው። በሰላም ተገላግለሽ፣ ጠግበሽ በልተሽ፣ ጠንከር ብለሽ ደጅ መውጣት ስትጀምሪ እንዲሰጥሽ ነግሬዋለሁ። ከዚያ በፊት ከሰጠሽ ጥፋቱ የሱ ነው። ለእናትሽም አንብቢላት፤ ግን መጀመሪያ አስቀምጫት።

በስልክ «አባዬ፣ ድምፅህ ደከመብኝ» ስትይኝ ብርድ ነው እያልኩ ሳታልልሽ ከረምኩ። ብርድ አይደለም። የምግብ ማውረጃ ቧንቧዬ ላይ ካንሰር ተገኝቶብኛል። ይኸው ጻፍኩት። እዚህ ሰፈር ስሙን የሚጠራው የለም፣ «ያ በሽታ» ነው የሚሉት፤ እኔም በአፌ ለመጥራት ብዙ ታግያለሁ። አትደንግጪ፣ ገና በጅምሩ ነው የተደረሰበት። ነገ ጠዋት ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ላጫውትሽ።

እናትሽ ለመውለጃሽ ወደ አሶሳ በሄደች ሰሞን የከማለዲን ልጅ ሰርግ ነበር። ከማለዲን ያው ከቆዳ መስፊያ ሱቄ ፊት ለፊት ያለው ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ተማሪ ሳለሽ ደብተርሽን ይለብድልሽ የነበረው። እኔ እንጀራ በጎረስኩ ቁጥር ውሃ ስጎነጭ ከሩቅ ሲያየኝ ቆየና መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ጉሮሮህን ምን ሆነሃል?»

«ምንም። ይደርቅብኛል።»

«ሳላሀዲንም ይደርቅብኛል ነበር ያለኝ» አለ። ሳላሀዲን ያ በሽታ የወሰደው ወንድሙ ነው። በማግስቱ ከማለዲን ቤቱን የሞላውን የሰርግ እንግዳ ጥሎ፣ ባጃጅ ይዞ በሬ ላይ ቆመ። ጎባ ሆስፒታል እስክንደርስ ያ ለፍላፊ ሰው አንድ ቃል አልተነፈሰም። ያን ጊዜ ነው መፍራት የጀመርኩት።

ያየችኝ ሐኪም ዶክተር ፈርዶሳ ትባላለች፣ የደሎ መና ልጅ ናት። ካንቺ ብትበልጥ በትንሽ ነው። ካሜራ በጉሮሮዬ ሰዳ አየችው፣ ከሥጋው ቆርጣ ለምርመራ ላከች። ውጤቱ የመጣ ዕለት እንደ ወጉ ከማለዲንን ወደ ውጭ ልትጠራው ስትነሣ፣ «ልጄ፣ ለራሴ ንገሪኝ፤ ለሱ ከነገርሽው ገበያው ሁሉ ከኔ ቀድሞ ይሰማዋል» አልኳት። ሳቀችና ተመልሳ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ቀድመው መጥተዋል» አለችኝ። «ብዙ ሰው ወደዚህ የሚመጣው ውሃ እንኳ አልወርድ ሲለው ነው። የርስዎ አልተሰራጨም። አዲስ አበባ በቀዶ ጥገና ሊያወጡት ይችላሉ።» ከዚያ ድንገት፣ «ገንፎ ይወዳሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። «በትኩሱ?»

ምን ልበላት? በዚህ ብርድ አገር ገንፎ አብርዶ የሚበላ ማን አለ? እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ። ከእሳት እንደወረደ፣ ሌላው ጣቱን እየነፋ፣ እኔ መሀሉን የምጀምር ሰው ነኝ። «የደጀኔ ጉሮሮ ብረት ነው» ሲሉኝ ደረቴ ይነፋ ነበር። በገንፎ ጀግና ነኝ የምል ሞኝ! ዶክተሯ ፊቴን አይታ፣ «ትኩስ ነገር ማዘውተር አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል ይባላል፤ የርስዎ ከምን እንደመጣ ግን ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። ራስዎን አይውቀሱ» አለችኝ። ከእንግዲህ ግን የምበላውንም የምጠጣውንም አብርጄ እንድወስድ አዘዘችኝ።

ከዚያ «አልጋ ሲገኝ ይደወልልዎታል» ተባልኩ። ሐሙ፣ ከበሽታው ይልቅ የከበደኝ ይኼ ነው። በሽታው እንኳ ያን ያህል አያምም። መጠበቁ ግን ከኔ ጋር ይነሣል፣ ከኔ ጋር ይተኛል። ጠዋት ቁራሽ ዳቦ አኝኬ ስውጥ ጆሮዬ ሁሉ ወደ ውስጥ ይዞራል። ትናንት እዚህ ጋ ነበር የያዘኝ፣ ዛሬ ወረድ አለ ወይስ ከፍ? ስልኬን በደረት ኪሴ ይዤ እሰፋለሁ፤ በጮኸ ቁጥር ወስፌው ጣቴን ይወጋኛል። አንሥቼ ሳይ የጥቅል ማስታወቂያ ነው። የሰዉ ምክር ደግሞ ሌላ ሕመም ነው። አንዱ ጸበል ግባ ይላል፣ ሌላው የሪራ ጫካ ማር በባዶ ሆድ ላስ ይላል፣ ሌላው ቢላ የነካው ሰው አይድንም ይላል። ጸበሉንም ገባሁ፣ ማሩንም ላስኩ። የቢላውን ነገር ግን ዶክተሯን ጠየቅኳት፤ ውሸት ነው አለችኝ። እሷን አመንኩ፤ ሌሊት ሌሊት ግን እምነቴ ይሸሸኝ ነበር።

ለምን አልነገርከንም ትይኛለሽ። እንዴት አድርጌ? ያለፈው እርግዝናሽ እንዴት እንደጨነገፈብሽ የማውቅ ሰው ነኝ። ብነግርሽ ታለቅሻለሽ፣ ለእናትሽ ብነግራት አንቺን ጥላ ወደኔ ትመጣለች። ከሁለት አንዳችን ብቻችንን መሆን ካለብን እኔ ልሁን አልኩ። ከፈለግሽ ተቆጪኝ፣ እችለዋለሁ።

ብቻዬን ስሆን እጄ ሥራ ፈለገ። ባጃጅ ከበዛ ወዲህ የጋሪ ፈረስ ዕቃ የሚያሰፋኝ ጥቂት ነው። ስለዚህ ለስላሳ የፍየል ቆዳ አውጥቼ አንቀልባ መስፋት ጀመርኩ። ጠርዙን በቀይ ክር ዘመዘምኩት፤ ለፈረስ ግንባር ካስቀመጥኩት ጌጥም ጥቂት ዛጎል ሰካሁበት። ከማለዲን አየውና፣ «ደጀኔ፣ ይኼ ለልጅ ነው ለፈረስ?» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። እሱን ስሰፋ ስለ ጉሮሮዬ የማላስብበት ሰዓት አገኝ ነበር። የሚታዘለውን አስባለሁ፤ ከባድ ይሆን ቀላል፣ እንዳንቺ እግሩን የሚያወራጭ ይሆን እላለሁ።

አሁን የትናንቱን ልንገርሽ። ከትናንት ወዲያ እናትሽ ደውላ «ቀኗ ገብቷል» ብላኝ ነበር። ማታ መብራት ጠፋ፣ ስልኬም ሞተ። እያሰብኩሽ ተኛሁ። ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ከማለዲን ቆሟል፤ ከኋላው ጋቢውን የተከናነበው የእድራችን ዳኛ ጋሽ ገብረ መድኅን፣ ከሱ ኋላ ጎረቤታችን እኅተማርያም በነጠላዋ አፏን ሸፍና። ያገራችንን ልማድ ታውቂዋለሽ፤ ሰው ሳይነጋ ተሰብስቦ በር የሚመታው መርዶ ይዞ ነው።

ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። «ሐመልማል ናት?» አልኩ። «በምጥ ነው?»

«አብሽር! አብሽር!» ከማለዲን ጮኾ ትከሻዬን ያዘኝ። «ዋላሂ አይደለም! ሐመልማል ደህና ናት! አልጋው ነው፣ ደጀኔ፣ አልጋው ተገኘ! ካዲስ አበባ ማታ በኔ ስልክ ደወሉ፤ ከነገ ወዲያ ግባ ብለውሃል፣ ያንተ ስልክ ዝግ ነው።»

«ጋሽ ገብረ መድኅን፣ እኔ ፀሐይ ትውጣ አላልኩዎትም?» አለች እኅተማርያም እያለቀሰች። «እንዲህ ሆነን ስንመጣ ሰው ምን ይበል?»

«ሥራ ሳይሄድ እንድረስበት ብለን ነው እንጂ…» አሉ ጋሽ ገብረ መድኅን፤ ሽማግሌው አፈሩ።

እኔ ምን አልኩ መሰለሽ? «በካንሰሩ ነው የመጣችሁት? በካንሰሩ ብቻ?» አልኩና ሳቅኩ። ሳቄን ማቆም አቃተኝ፤ እንባዬም አብሮ ወረደ። ሁለት ወር ሙሉ የፈራሁት ነገር በሬ ድረስ መጣ፤ «ተመስገን» ብዬ ተቀበልኩት። ካንቺ ሌላ የምፈራው እንደሌለኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ቢላውም፣ ማደንዘዣውም፣ መንገዱም ቀለለኝ። አልፈራም ማለቴ አይደለም። ፍርሃቱ ግን ልኩን አወቀ።

በከማለዲን ስልክ በማለዳ ደውዬ ያስነሣሁሽ ያኔ ነው። እያዛጋሽ «አባዬ፣ በዚህ ጠዋት ምን ሆነህ ነው?» አልሽኝ። «ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው» አልኩሽ። ለምን እንደሆነ አሁን አወቅሽ።

ነገ ከማለዲን አብሮኝ ይሄዳል፤ ሱቁን ለልጁ አደራ ብሏል። የእህል ማጨጃዎቹ ወደ ስንዴው መግባት ጀምረዋል፣ ከተማው በአቧራ ታፍኗል። አንቀልባውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። እኔው ይዤው እመጣለሁ ብዬ ነበር የሰፋሁት፤ ግን ሕፃን አይጠብቅም፣ ቶሎ ያድጋል። ማሰሪያውን አስረዝሜዋለሁ፣ ከፍ ሲልም ይሆነዋል።

እግዚአብሔር ጡትሽን ወተት ይሙላው። እመቤቴ ማርያም ከራስጌሽ አትለይ። ሕፃኑ የኔን ዕድሜ ጨምሮ ይደግ። እናትሽን ሳሚልኝ፤ ስትቆጣም ዝም ብለሽ ስሚያት። አቤሴሎምንም አደራውን ስለጠበቀ አመስግኚልኝ።

ለክርስትናው ገንፎ ይገነፋልኝ። የክርስትና ድግስ ገንፎ የለውም ቢሉሽ አባቴ ብሏል በያቸው። ድርሻዬን ለብቻው በሳሕን አድርገሽ፣ ከድነሽ አስቀምጪልኝ። እናትሽ «ይበርዳል» ብላ ብትጨነቅ ተያት፤ እኔ አሁን የምበላው የበረደ ነው፣ ብዘገይም ግድ የለውም።

አባትሽ
ደጀኔ