ንብ የገባበት ጊታር

መቱ፣ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለዚያች ለጎራዳዋ የልጅ ልጄ ለሃይማኖት፣
ጅጅጋ

እንዴት ነሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ፤ ሞት አድራሻዬ ጠፍቶበት ሰፈሩን ሲጠይቅ ይውላል። ይህን ደብዳቤ ከመቀጠልሽ በፊት አብራሽ የምትኖረውን ኡርጌን ጥሪያትና አጠገብሽ አስቀምጫት። ሌላ ምክንያት የለውም፤ የእኔ ጨዋታ ለአንድ ሰው ስለሚበዛ ነው። ሰይፈ ሚካኤልም ካለ ይቀመጥ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሽማግሌ ልኮ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ «አባቴ መጥቶ ሳይመርቀኝ አላገባም» የተባለ እጮኛ መቀመጥ አያቅተውም።

አባትሽ ወንድይራድ ጊታሩን አንግቦ ሠርግ ሊያጫውት ወደ ያዮ ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው። ባለፈው «አባባ፣ ጎረቤት የላከልኝን የጊታሩን ፎቶ አየሁት። የሱ ነው ወይስ አይደለም? አንዲት ቃል ብቻ!» ብለሽ በስልክ ጮኽሽብኝ። ነው ካልኩ ለቅሶ ልትቀመጪ፣ አይደለም ካልኩ መጠበቅሽን ልትቀጥዪ። እኔ ደግሞ አርባ ዓመት ከኮምፔንሳቶ ጋር የኖርኩ አናጢ ነኝ። መቱ ውስጥ የተሰበረ ጊታር ሁሉ፣ የመዘምራኑም የሰካራሙም፣ በእጄ አልፏል። ዕቃውን ሳላገላብጥ ቃል አልሰጥም። በስልክ ደግሞ ድምፄን ታውቂዋለሽ፤ ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

ጊታሩን ያመጣው ጭምዴሳ ነው፣ የኖፓው ማር ቆራጭ። ያዮ ጫካ ውስጥ፣ ቅርንጫፉ ከሃያ ክንድ በላይ ከሚጀምር ዛፍ ላይ፣ እንደ ቀፎ ተሰቅሎ አገኘው። ሆዱ ንብ ሞልቶ።

«ማን ሰቀለው?» አልኩት።

«ሂንቤኩ፣ አካኮ» አለኝ፤ እንደ አያቱ ነው የሚጠራኝ። «አላውቅም። በዚያ ዛፍ ላይ አባቴም አያቴም ቀፎ ሰቅለው አያውቁም። የታሰረበት ሐረግ ግን ስቆርጠው ገና እርጥብ ነበር።»

«አንተ ጠጅ ጠጥተህ ነው የወጣኸው» አልኩት። አልሳቀም።

ንቦቹ በጭስ አልወጣ ስላሉት ከነነፍሳቸው በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልሎ ነው ያመጣቸው። በጠራራ ፀሐይ ደጃችን ሲደርስና ጆንያውን ሲፈታ ግን ማንም ሳይነካቸው ወጡ። ማንንም አልነደፉም። አንድ በአንድ ገብተው ከበር ጀርባ በተሰቀለው፣ «ማንም እንዳይነካው» ብለሽ ባስማልሽኝ የአባትሽ ካፖርት ላይ ሰፈሩ። እዚያው ናቸው። እኔም መሐላዬን ጠብቄ አልነካሁትም።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። ተማሪ፤ አንድ ቀን ርካሽ አሮጌ ጊታር በውድ ሊሸጡልሽ ሲሞክሩ ይጠቅምሻል።

መጀመሪያ የቀዳዳውን ጠርዝ ታያለሽ። የእንጨቱ መስመር ከላይ መጥቶ በጠርዙም ላይ ከቀጠለ አንድ ወጥ ጣውላ ነው። ድርብርብ ከሆነ ኮምፔንሳቶ ነው። ይሄኛው ሦስት ድርብ ነው። የአባትሽም ሦስት ድርብ ነበር። ግን በደርግ ጊዜ በመርከብ የመጣው ርካሽ ጊታር ሁሉ እንደዚያው ነው፤ አንዱን ካንዱ መለየት ጫጩት መለየት ነው።

ከዚያ አንገቱ። አንድ ዓይንሽን ጨፍነሽ እንደ ጠመንጃ ታነጣጥሪበታለሽ። ስድስት ክረምት የወረደበት እንጨት መጣመም ነበረበት። ይሄ ቀጥ ብሏል፤ ትናንት ከሱቅ የወጣ ይመስላል። እንዴት እንደሆነ አትጠይቂኝ።

መቃኛዎቹን ስቆጥር አምስቱ የፋብሪካ ናቸው። ስድስተኛው ከቀንድ የተቀረጸ ነው። እውነት ነው፣ እኔም ለወንድይራድ አንድ መቃኛ ከቀንድ ቀርጬለት ነበር። ታዲያ በኢሉባቦር ቀንድ ያለው የእኔ በሬ ብቻ ነው?

የጎረቤታችንን የእትዬ ሀረገወይንን መስታወት ተውሼ ባትሪ እያበራሁ ሆዱንም አየሁ። የፋብሪካውን ወረቀት ሰም ውጦታል። ከሰሙ ሥር ስንጥቅ የተደፈነበት የዋንዛ ልጥፍ አለ። በላዩ በእርሳስ «ሃይማኖት በተወለደች ዕለት ተጠገነ» ይላል። ሃይማኖት የሚባል ልጅ ደግሞ ሞልቷል። ጽሑፉ የእኔን ይመስላል፤ የአናጢ ጽሑፍ ሁሉ ይመሳሰላል።

አንድ ጠባዩን ብቻ አልወደድኩለትም። ክሮቹ ረግፈዋል፣ ንቡም ወጥቷል፤ ግን ያንጎራጉራል። ሳስል ዝም ይላል። እትዬ ሀረገወይን ስታወራ ዝም ይላል፤ እሷ ስታወራ ደግሞ ማን ዝም የማይል አለ። ያንቺን ስም ስጠራ ግን ከሆዱ ዝቅ ያለ ድምፅ ይወጣል፣ ወንድይራድ ዘፈን ከመጀመሩ በፊት በአፍንጫው እንደሚያደርገው። አሁን ከላይ ስምሽን ስጽፍ፣ ድምፄን ሳላወጣ፣ ሰማሁት። ሰም ሲደርቅ እንጨት ይንቋቋል፤ የታወቀ ነው።

ጭምዴሳ ከዚያው ዛፍ ሥር ያገኘውንም ሌላ ነገር በጋቢው ጠቅልሎ ይዞ መጥቷል። እሱ ጊታር አይደለም፤ እኔ የምገምተው ጊታር ብቻ ነው። ቄሱ ወስደውታል።

«አካኮ፣ ለልጅቷ ልደውልላት?» ሲለኝ መላጊያዬን አነሳሁበት። «ምን ብለህ?» አልኩት። እሱም ጆንያውን አንጥፎ አጠገቤ ተቀመጠ።

ስለዚህ ቃሌ ይኸው፦ የሱ አይደለም። በጽሑፍ ሰጥቼሻለሁ።

ግን ነይ። ናፍቀሽኛል፣ ሌላ ምክንያት አያስፈልግም። ብቻሽን እንዳትመጪ፤ ኡርጌም ሰይፈ ሚካኤልም አብረውሽ ይምጡ። መቱ ስትደርሺ በቀጥታ ወደ ቤት አትግቢ፤ እትዬ ሀረገወይን ቤት አልጋ ተነጥፎልሻል። ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ካየሽ ለጣውላዬ ነው፤ የዘንድሮ ዝናብ አልቆም ብሎኛል። ማለዳ እኔ ራሴ መጥቼ እቀሰቅስሻለሁ። ከኋላዬ ሰው ቢበዛ አትደንግጪ።

መንገድሽን እመቤቴ ትጥረግልሽ። የወለድሻቸው ይቅበሩሽ፣ አንቺ የወለድሽውን አትቅበሪ። ከሰይፈ ሚካኤል ጋር ጎጆሽ ይሙቅ። መርቄሻለሁ፤ የአባትሽንም ድርሻ ጨምሬ።

አያትሽ ሸጋው