ከፈረሱ ኮቴ ሥር ያለው ሰው

ለማከብርዎና ለምሳሳልዎ አባቴ፣

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ በእግርዎ ቆመው፣ እንደ ልማድዎ ከአንድ ሰው ጋር እየተከራከሩ እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ብርዱን ቻለው? ያ መንጋጋዎ አሁን ያኝካል ወይስ እናቴ ሁሉን ነገር አድቅቃ ነው የምታቀርብልዎ? እሷስ እንዴት ከረመች? እህቴና ልጆቿስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ትንሽ ያስለኛል፤ የዚህ ቤት ሠራተኛ ሁሉ ስለሚያስል እንደ በሽታ አንቆጥረውም።

እህቴ ድንበር ተሻግሮ በሚመላለሰው ሹፌር የላከችልኝ መልእክት ደርሶኛል። በሚመጣው ወር፣ ያ ሰውዬ ከተማችንን የያዘበት ቀን ሲከበር፣ ለየቤቱ አንዳንድ ሜዳልያ ይታደላል፣ በሩ ላይ ያልሰቀለ ይወሰዳል ብላኛለች። እርስዎም «በሬ ላይ እሱን ከማይ ቤቴን በእጄ አቃጥላለሁ» ብለዋል አሉ። አባባ፣ አውቅዎታለሁ። ፎቶውን ስቀሉ የተባለ ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው የሰቀሉ ሰው ነዎት። በሰደፍ መንጋጋዎን ሰብረው ያሰሩዎት ለዚያ ነው። ሲፈቱ፣ ሰውየውን ትቶ ንዴትን በፎቶው መወጣት አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው ብዬ ባሾፍብዎ፣ በዚያ በተሰበረ መንጋጋ ሊስቁ ሞክረው እንባዎ መጣ። አሁን ግን በመንጋጋ አይለቁዎትም። የተወሰደ ሰው ሲመለስ አላየንም። ስለዚህ የምጽፈው ልለምንዎ ነው፤ እስከ መጨረሻው ሳያነቡ እንዳይቀድዱት አደራ።

ሥራዬን በደንብ ነግሬዎት አላውቅም። የጥንት ሜዳልያ አስመስሎ የሚሠራ ቤት ውስጥ ነው ያለሁት። ቀራጩ በሰም ይቀርጻል፣ እኔ ነሐሱን አቅልጬ አፈስሳለሁ። ሲቀዘቅዝ በጨውና በኮምጣጤ አሽተን እርጥብ ሰጋቱራ ውስጥ እንቀብረዋለን፣ ሳምንት ሳይሞላው አረንጓዴ ዝገት አብቅሎ ይወጣል። ትናንት የተወለደው የሺህ ዓመት ሽማግሌ ሆኖ አረፈው ማለት ነው። ጎብኚዎች ከሁሉ የሚወዱት ባለ ፈረሱን ንጉሥ ነው። በአንድ ፊቱ ዘውድ የደፋ ራስ አለ፤ በሌላው ፊቱ ንጉሡ ጦር ይዞ በፈረስ ላይ ተቀምጧል፣ ከፈረሱ ኮቴ ሥር ደግሞ አንድ ሰው ወድቋል። ዋናው ሜዳልያ ከመሬት ሲወጣ የወደቀውን ሰው ፊት አፈር በልቶት ስለነበር፣ እኛም ፊት ሳናወጣለት ነበር የምንሠራው። ፊቱ የት ሄደ ብሎ የጠየቀ ገዢ የለም።

ባለፈው ወር ከሰውየው ዘንድ የተላኩ ሁለት ሰዎች መጡ። ያንኑ ሜዳልያ አዘዙ፤ በንጉሡ ራስ ፋንታ የእሱ ራስ ይግባ፣ ዝገቱ ግን እንዳይቀር አሉ። ትናንት በታንክ የገባው ሰውዬ ቅድመ አያቶቻችን ሳይወለዱ የነገሠ እንዲመስል መሆኑ ነው። ቀጥለው፣ የወደቀው ሰው ፊት ይኑረው፣ መልኩም የእኛን አገር ሰው ይምሰል፣ አፉን ከፍቶ ይለምን አሉ። አሠሪያችን ወደ ማቅለጫው ገብቶ ሁላችንንም አንድ በአንድ አየና እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። «አንተ የዚያ አገር ልጅ አይደለህ? ና እዚህ ተኛ» አለኝ።

እምቢ ልል ነበር፣ እግዜር ያውቃል። ግን የመኖሪያ ፈቃዴ በእሱ እጅ ነው፤ ካባረረኝ የምጣለው እዚያው ሰውዬ እጅ ላይ ነው። ሽርጤን ሳልፈታ ሲሚንቶው ላይ ተጋደምኩ። ኮቴ የተጫነው ሰው እንዴት እንደሚተነፍስ እንዲታይ ብለው አንድ ጆንያ ከሰል ደረቴ ላይ አሳረፉ። ጓደኞቼ አንገታቸውን ደፍተው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ አልፈርድባቸውም። በማግስቱም እንደዚያው ተኛሁ። ተዋረድኩ አባባ።

ቀራጩን «አፈ ጮሌ» ነው የምንለው፣ በሳምንት ሁለት ቃል ቢወጣው ነዋ። ሁለተኛው ቀን ላይ ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ፣ ከሰሙ ላይ ቀና ሳይል፣ «እዚያ አይቶ የሚያውቅህ ሰው ቀርቷል?» አለኝ። «አባቴ» አልኩት። መርፌውን አነሣና፣ የባቄላ ፍሬ በምታክል ፊት ላይ፣ በልጅነቴ ውሻ የዘነጠለኝን የግራ ጆሮዬን ጫፍ እንዳለች አስገባት። አፌንም እንደገጠምኩት ተወው። የተላኩት ሰዎች ተመልሰው በአጉሊ መነጽር ሲመረምሩ እኔ ከምድጃው ኋላ ላቤ በጀርባዬ ይወርድ ነበር። እነሱ ግን የአለቃቸው አገጭ በቂ ወጥቷል አልወጣም እያሉ ተጨቃጨቁ። የወደቀውን ማን ያያል? ፈርመው ሄዱ። ሁሉንም ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ስንጭን ሣጥኖቹ ላይ የከተማችንን ስም አነበብኩ።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ሲያመጡልዎ በሁለት እጅዎ ይቀበሉ። ምስማሩን ራስዎ ይምቱት፣ ፈረሰኛው ያለበት ገጽ ወደ ውጭ ይሁን። ፈረሰኛውን ላለማየት ዓይንዎን ወደ ታች ጣል ያድርጉ፣ እዚያ ነኝ። ሹፌሩ ድንበሩ ሊዘጋ ነው፣ ከዚህ በኋላ አልመላለስም ብሏል። ስለዚህ ከእኔ የሚደርስዎ የመጨረሻው ነገር ያ ነሐስ ነው። እንዳይወረውሩኝ። ይህን ወረቀት አንብበው ያቃጥሉት።

እህቴን ጠንክሪ ይበሏት። ልጆቿን አንድ በአንድ ይሳሙልኝ፤ ለእነሱ ግን እስኪያድጉ ድረስ ሆድ ይፍጀው፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ካለ ሰላም ይበሉልኝ። እናቴን በእኔ ስም አቅፈው ይሳሙልኝ። ከኮቴው ሥር ማን እንዳለ አይንገሯት። አይታ በራሷ ካወቀችኝ ደግሞ ቀስ ብላ እንድታለቅስ ይለምኗት፤ በራችን መንገድ ዳር ነው።

ልጅዎ

ከማቅለጫው ጓሮ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን