መርዶ ሳልሰማ ያነሳሁት ዋንጫ

ውድ ጋሽ ወልደአረጋይ፣

ትናንት ደብረ ብርሃን ላይ ቀበርንዎ። እኔም መጣሁ፤ በቁምዎ አርባ ዓመት ደጅዎን ሳልረግጥ፣ ሲሞቱ መጣሁ። ይፍረዱብኝ።

ድንኳኑ ውስጥ የሽማግሌዎቹ ወሬ ሁሉ ስለ እርስዎ ነበር። በሃምሳዎቹ በቀኝ ክንፍ ሲሮጡ ማን ይደርስብዎት ነበር አሉ። ጉልበትዎ ተሰብሮ ጨዋታ ሲያቆሙ፣ በምርኩዝ ሜዳ ዳር ቆመው ማሠልጠን እንደጀመሩም አነሱ። ከዚያ የሰባ አምስቱን ዋንጫ ሲያወሩ አንገቴን ደፋሁ። ግብ ጠባቂው እኔ ነበርኩ።

መቼም አይረሱትም። እናቴ ቅዳሜ አገራችን መዘዞ ላይ ሞታ ዕለቱን ተቀበረች፤ እኔ እሑድ ፍጹም ቅጣት ምት አድኜ፣ ዋንጫ ይዤ ስጨፍር ዋልኩ። ሰኞ ሲነጋጋ ዘመድ ደጄ ላይ ተሰብስቦ አረዳኝ። እርስዎ ከጨዋታው በፊት ያውቁ እንደነበር ስሰማ አበድኩ! ሊያጽናኑኝ ሲመጡ በለቅሶተኛ ፊት፣ «ለዋንጫ ብለው በእናቴ መቃብር ላይ አስጨፈሩኝ! ይውጡልኝ!» አልኩዎ። «እግዜር ያጽናህ፣ ልጄ» ብለው እያነከሱ ወጡ። በዚያው ዓመት ማሠልጠኑንም ተዉት። እኔም እሰይ አልኩ፤ አዎ፣ እሰይ ብያለሁ።

ትናንት ግን ታላቅ ወንድሜ ገብረ ሕይወት አጠገቤ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ያለቅሳል።

«ምን ሆነሃል? ዘመድህ አይደሉ!» አልኩት።

«ይቱ፣ መርዶውን ይዤ ሜዳ የመጣሁት እኔ ነኝ» አለኝ። «ጋሽ ወልደአረጋይ ‹ዛሬ አይጫወትም፣ አሁኑኑ ልንገረው› ብለው ነበር። መርዶ ዘመድ ሳይሰበሰብ፣ በጠራራ ፀሐይ አይነገርም፤ ከጨዋታ ከቀረም ይጠረጥራል ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። በኋላ ቁጣህን ሳይ ደግሞ እንዳያጋልጡኝ በማርያም አስማልኳቸው።»

አይ ጋሼ! እንዲህ ያለ መሐላ ይጠበቃል? መንገድ ላይ ስንገናኝ ፊቴን ሳዞርብዎ፣ አንድ ቀን እንኳ «ወንድምህን ጠይቀው» ቢሉኝ ምን ነበረበት? ጣቶቼ በብርድ ሲደነዝዙ የራስዎን ጓንት አውልቀው የሚያለብሱኝን ሰው ነው እኮ ያዋረድኩት! ከአባቴ አስበልጬ ነበር የምወድዎ።

ይቅር ይበሉኝ። ገብረ ሕይወትን እዚያው ላንቀው ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ጥዬው ወጣሁ። ዛሬ ጠዋት ግን ቤቱ ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። እሱ ሰባ ሁለት ሞልቶታል፣ እኔም ስልሳ አራቴን ይዣለሁ። ሌላ አርባ ዓመት ከየት አመጣለሁ?

ግብ ጠባቂዎ፣
ይትባረክ