ያልተላጨ ራስ

ጥቅምት ፭፣ እሑድ፣ ጠዋት

አያ ፈንታ፣ ምላጩን የት አደረግኸው? መስኮቱ ላይ የለም። መደቡ ሥርም የለም። ነገ ት/ቤት የራስ ፍተሻ አለ፤ ተነሥና ፈልግልኝ። ሽፍትነትህን ትተህ ከጫካ የገባህ ዕለት ጎፈሬህን የላጨሁህ እኔ ነኝ። ጆሮህን ብቆርጠው «ቀስ በል፣ ከስንት ጥይት ያተረፍኩት ጆሮ ነው!» ብለህ ሳቅህብኝ። አሁን ተራው ያንተ ነው።

አጎታችንን ጠየቅሁት። ከቀብርህ ወዲህ አገር ቤት አልተመለሰም፤ በአንተ ቁርበት ላይ ይተኛል። የወንድምህ ደም ሳይመለስ ምላጭ አይነካህም አለኝ። ጠመንጃ ይዞ መጥቷል። እየወለወለ ያየኛል።

ጥቅምት ፯፣ ማክሰኞ

ዛሬ ለደብተሩ ነው የምጽፈው። ለአንተ ስጽፍ የምትመልስልኝ ይመስለኛል።

ከት/ቤት አባረሩኝ። ተላጭተህ ና ተባልኩ። አጎቴ ሲሰማ ደስ አለው።

ወንድሜ ከአዘዞ ከሥራ ሲመለስ መንገድ ላይ በጥይት ተገደለ። ገዳዩን ያየ የለም። አጎቴ ግን በላይ የሚባለው ሰው ነው ይላል። ወንድሜ ወልዱን ገድሎ ነበር የሸፈተው፤ በላይ የወልዱ ወንድም ነው። እርሻቸው ከአጎቴ እርሻ ጋር ይዋሰናል። አጎቴ ያን ቀን አገር ቤት ነበር። በምን አወቀ? ጠየቅሁት። ደም ይናገራል አለ። እኔ ምንም አልሰማሁም።

ቄሱንም እጠረጥራለሁ። የንስሐ አባታችን ናቸው። ወንድሜን ለዕርቅ ድንጋይ አሸክመው፣ ለምሕረቱ ዋስ ሆነው ከጫካ ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ለቅሶ ላይ ፊቴን ማየት አልቻሉም። ለምን?

ሰው ለምን ይሸፍታል? ጫካ ከገባስ በኋላ ለምን ይወጣል? እኔም የምሄድ ከሆነ አስቀድሜ ልወቅ።

ጥቅምት ፲፩፣ ቅዳሜ፣ ከገበያ መልስ

ከጫካ የገቡ ሁለት ሰዎች አገኘሁ። አንዱ በአንድ ጥፊ ምክንያት ሸፈትኩ አለ። ማን እንደ መታው ሳይሆን ማን እንደ ሳቀበት ነው የነገረኝ። ሌላው ጫማህን ስጠኝና እነግርሃለሁ አለ። ጫማ የለኝም።

ጨው ሻጮቹ ዘንድ የአጎቴን ጋቢ አየሁ፤ ተከትሎኝ ነበር። ማታ ጠየቅሁት። ጨው ልገዛ ነው አለ። ቤት ውስጥ ጨው የለም።

ከዛሬ ጀምሮ አጎቴን «አ.» ብዬ እጽፈዋለሁ። ማንበብ አይችልም፤ ቢሆንም።

ጥቅምት ፲፪፣ እሑድ

አዘዞ ሄድኩ። አያ ገብሬ የወፍጮ ቤት ዘበኛ ሆኗል፤ ከወንድሜ ጋር ጫካ የከረመ ሰው ነው። እስከ ቅንድቡ ዱቄት። ገና ሳልቀመጥ፦

«ምነው፣ ሽፍታ አዳኙ ነጭ ለባሽ ላከህ?»

«ነጭ ለባሽስ እንዳንተ አልነጣም» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ አፉ ተከፈተ።

ወንድሜ የሸፈተው በአ. ቃል ነው አለ። አባትህ የሞተው ወልዱ በዱላ ስለ መታው ነው፣ አንተ ግን እንደ ሴት ተቀምጠሃል ብሎታል። ወንድሜ ወልዱን ገድሎ ሸሸ። ቆይቶ ያገራችን ሰው ሸፍቶ ተቀላቀላቸው፤ የአባታችንን አስከሬን ያጠበ ሰው። ገላው ላይ አንድ ሰንበር አልነበረም፣ የገደለው ከቆላ ያመጣው ንዳድ ነው ብሎ ማለ። ወንድሜ ያን ሰሞን እህል አልበላ ብሎ ነበር። ከዚያ አስታርቁኝ ብሎ ወደ ቄሱ ላከ።

«ጫካ የምንገባው በሰው አፍ ነው፤ የምንወጣው በገዛ እግራችን» አለኝ። ወዲያው ደግሞ፦ «እኔስ የወጣሁት ርቦኝ ነው።»

ከወልዱ ሞት በኋላ የእርሻውን ድንበር ማን ገፋው? ብዬ ጠየቅሁት። ወፍጮውን ልይ ብሎ ተነሣ። አላውቅም ግን አላለም።

ጥቅምት ፲፬፣ ማክሰኞ

ገብሬ ቢዋሽስ? ያዘዞን መንገድ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

አ. ዛሬ ያለኝ፦ አባትህን የመታው ዘር ነው ወንድምህንም የገደለው፣ አንተ ግን እንደ ሴት ተቀምጠሃል። ያው ቃል ነው። ያው!

አያ ፈንታ፣ ይህን ሁሉ ለምን ደበቅኸኝ? ብትነግረኝ ኖሮ አ.ን...

ጠመንጃው መደቡ ላይ ነው። አፈሙዙ አ. ወደሚተኛበት ዞሮ ታየኝ። ራሴን ፈራሁ።

ጥቅምት ፲፱፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ

ነገሩ ትኩስ ሳለ ቶሎ ልጻፈው።

ሕዝቡ ሲወጣ አ.ን በሩ ላይ አቆምኩት። ቄሱ መስቀል ይዘው ቆመዋል። ደሙን ልመልስ እሄድልሃለሁ አልኩት፤ ሌላ ነገር አልጠይቅህም፣ የቤተ ክርስቲያኑን በር ይዘህ ማል። ወልዱ አባቴን መትቶታል በል። በላይ ወንድሜን ሲገድል አይቶ የነገረህ ሰው አለ በል።

«ልጅ ነው አጎቱን የሚያስምለው?» አለ፤ ሰው እንዲስቅለት ዞር ዞር አለ። የሳቀ የለም። ቄሱ ከበሩ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁለት። እጁ ከጋቢው አልወጣም።

እኔን ሰው ግደል ይላል፤ በር መያዝ ግን ፈራ።

ቤት ገብቶ ስልቻውን አሰረ። «ቀሚስ አሰፋልሃለሁ!» አለኝ ከደጃፍ። ጠመንጃውን ትቶት ሄደ፤ ሲቆጭህ ታነሣዋለህ ብሎ።

በላይ ይሆን የገደለህ? አላውቅም። አ.ም አያውቅም። ወይም ያውቃል።

ጥቅምት ፳፣ ሰኞ

ብቻዬን ነቃሁ። «አያ ፈንታ፣ ነጋ» አልኩ፤ አፌ ለምዶ። ብቻዬን የነጋልኝ የመጀመሪያው ጠዋት ነው። ጠመንጃው አለ።

ልጠቀልልበት ቁርበትህን አነሣሁ። ምላጩ ከሥሩ ወደቀ። አ. ተኝቶበት ነበር የከረመው። እያወቀ ይሁን ሳያውቅ፣ እንጃ።

ጠመንጃውን በቁርበቱ ጠቅልዬ ወደ ቄሱ ወሰድኩ። ተቀበሉኝ። ዋስ ሆኜ አላዳንኩትም፣ በምን ዓይኔ ልይህ ልጄ? አሉ። አሁን ግን አዩኝ።

ተመልሼ ውኃ ቀዳሁ። ራሴን ለቅሶ እንደ ተቀመጠ ሰው ሙልጭ አድርጌ ላጨሁ። ጆሮዬን ቆረጥኩት። ቀስ በል የሚል የለም። ደሙን በእጅጌዬ ጠርጌ ደብተሬን ያዝኩ። የት/ቤቱ ደወል እየተደወለ ነው፤ ልሂድ።